ማሽኑ ሁሉንም ዕቃ እየተፋ ነው! እስከ ማታ አዲስ መምረጥ አለብኝ፣ የቱን ልበል?

ጠያቂ፦
ጎበዝ ድረሱልኝ። መጋዘን ውስጥ ተቀላቅሎ የመጣውን ዕቃ ላብሉን አንብቦ በየትዕዛዙ የሚለየው ማሽናችን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ዕቃው ይገባል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ሁሉም በመጨረሻው መውጫ ይወርዳል። መውጫው ሞልቶ መሬት ላይ እየቆለልን ነው። አለቃዬ «በቃ አርጅቷል፣ አዲስ እንግዛ፣ የትኛው እንደሚሻል እስከ ማታ ንገሪኝ» ብሎኛል። እሱ የአማዞንን ሮቦቶች ቪዲዮ አይቶ ልቡ እዚያ ነው። ክሮስ ቤልት ይሻላል የሚሉም አሉ። በመብራት የሚመራ መደርደሪያ የሚባልም ሰምቻለሁ። ባካችሁ ቶሎ፣ የቱ ነው የሚሻለው?

ቀበቶ ጠጋኝ፦
ዕቃ ሲያልፍ በብርሃን የሚያየውን ፎቶ ሴንሰር ጥረጊ። ፊት ለፊቱ ሆኖ ብርሃኑን የሚመልሰውን ሪፍሌክተርም። አቧራ ነው፣ መቶ በመቶ።

ጠያቂ፦
ጠርገነዋል ወንድሜ። ለውጥ የለም።

አንጋፋ፦
ልጄ፣ መግዛት ከሆነ መጀመሪያ ዓይነቶቹን ለይተሽ እወቂ። ስማቸው ሲጠራ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ትሪው የሚያዘነብል አለ። ዕቃው ትሪ ላይ ይቀመጣል፣ መውጫው ጋ ሲደርስ ትሪው ያጋድልና ዕቃው በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ክብ ነገር ይንከባለልበታል፣ ተሰባሪም አይወድም። ክሮስ ቤልት ደግሞ እያንዳንዱ ተሸካሚ የራሱ ትንሽ ቀበቶ አለው። ቀበቶው ወደ ጎን እየዞረ ዕቃውን ያወርደዋል። አወራረዱ በቁጥጥር ስለሆነ ለቀጫጭንና ለትናንሽ ዕቃ ይስማማል። በሰዓት ከ10 ሺህ በላይ የሚለዩ አሉ። በጫማ መሰል ገፊዎች የሚሠራው ለካርቶን ነው፣ ለነጠላ ቁራጭ አይሆንም። ከላይ በተንጠለጠለ ኪስ የሚሄደው ለልብስ ግሩም ነው፣ ዕቃውን ይዞ ማቆየትና በቅደም ተከተል ማውጣትም ይችላል። ትናንሽ መለያ ሮቦቶች አሉ። የእነሱ ጥቅም አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ መሥራታቸው ነው፣ ሥራው ሲበዛም ጥቂት መጨመር ይቻላል። ረጅሙ መስመር ግን አንድ ሞተር ሲቃጠል ሁሉም ሊቆም ይችላል።

አንድ ምክር ልጨምር። አቅራቢው ማሽኑን ሲያሳይሽ የራሱን ቆንጆ ሳጥኖች ነው የሚያስኬደው። አንቺ የእናንተን ክፉ ክፉ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። የሚንሸራተተውን ፌስታል፣ የሚንከባለለውን ጠርሙስ፣ ከወረቀት የማይወፍረውን ፖስታ። እነሱን ካሳለፈ ያኔ እንነጋገር።

ጠያቂ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህንን ለአለቃዬ አነብለታለሁ። ግን አሁን ቁልሉ ወገቤ ጋ ደርሷል።

ማርከር፦
አይዞሽ እህቴ። እኛ አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ማሽን ለይተናል። «ማሽናችን» ሦስት ልጆችና አንድ ማርከር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የተበላሸው ማርከሩ ብቻ ነው።

ለዛሬ የሚሆንሽ ይኸው። ባዶ ሼልፍ ላይ 40 ካርቶን ደርድሪ፣ ቁጥር ጻፊባቸው። 40 ትዕዛዝ አትሚ፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ አንድ ለጥፊ። የ40ውን ዕቃ ባንድ ዙር ሰብስባችሁ አምጡ። አንድ ሰው ዕቃው የሚገባበትን ካርቶን ቁጥር ይጥራ፣ ሌላው ያስገባ። የሞላውን ካርቶን በጀርባ በኩል የሚያወጣ ሦስተኛ ሰው ይኑር። አስገቢና አውጪ በአንድ በኩል ከቆሙ ይጋጫሉ፣ ስህተትም የሚመጣው ያኔ ነው።

የቁጥር ሰው፦
ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ጥያቄው ራሱ ከኋላ ወደፊት ነው። «የቱ ይሻላል» የሚባለው ለምን ያህል ሥራ ነው? በቀን ስንት ትዕዛዝ ነው? ከዚያ ውስጥ አንድ ዕቃ ብቻ ያለው ስንቱ ነው? ይህንን ሳትነግሪን ማንም ቢመልስልሽ ጨረታ እያጫረተ ነው።

ጠያቂ፦
ውይ፣ የምታውቁት መስሎኝ። ወደ 1,800 ትዕዛዝ ነው። ባለ አንድ ዕቃው 1,100 ገደማ ይሆናል። ሌላው በአማካይ ሦስት ሦስት ዕቃ አለው። ሁሉም በማሽኑ ነው የሚያልፈው።

የቁጥር ሰው፦
ያዢው! ባለ አንድ ዕቃው ለምን ማሽን ውስጥ ይገባል? መለየት ማለት የተቀላቀለውን በየባለቤቱ ማገናኘት ነው። አንድ ዕቃ ከማን ጋር ይገናኛል? በአንድነት ተሰብስቦ በቀጥታ ማሸጊያ ጠረጴዛ ይሂድ። እዚያ ሲነበብ የአድራሻ ላብሉ ይታተማል፣ አለቀ። ከትዕዛዛችሁ ከግማሽ በላዩ ዛሬውኑ ከማሽኑ ወረደ።

የቀረው 700 ትዕዛዝ ነው። በሦስት ብናባዛው 2,100 ቁራጭ። በቀን 7 የሥራ ሰዓት ብለን ብናካፍለው በሰዓት 300። አሁን በመብራት የሚመራውን መደርደሪያ አስቢው። ሠራተኛው ዕቃውን ያነባል፣ የትዕዛዙ ቀዳዳ ላይ መብራት ይበራል፣ ያስገባል፣ ቁልፉን ይጫናል። አንዱ 12 ሰከንድ ቢፈጅ አንድ ሰው በሰዓት 300 ያስገባል። ሥራው በእጥፍ ሲደራ ሁለት ሰው፣ ሁለት መደርደሪያ። 12 ሰከንዱ የእኔ ግምት ነው። አንቺ እዚያው ቆመሽ ሰዓት ይዘሽ ለኪው። በሰዓት 10 ሺህ የሚለይ ማሽን ለ300 ቁራጭ ምን ያደርግላችኋል?

አንጋፋ፦
ስሌቱ ትክክል ነው። ግን የዛሬውን አማካይ ብቻ ይዘህ አትወስን። በዓመት ውስጥ ሥራ የሚበዛበትን ሳምንት፣ ከዚያም ውስጥ እጅግ የሚጨናነቀውን ሰዓት ውሰድ። ደግሞ ነገ ባለ ብዙ ዕቃው ትዕዛዝ ቢበዛስ?

የቁጥር ሰው፦
እሺ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ያለፈው ዓመት የትዕዛዝ ዝርዝር ከሲስተሙ ይውጣና በየሰዓቱ ይቆጠር። እኔ የምቃወመው በቪዲዮ መምረጥን ነው። ደግሞ አለቃሽ ያየው ሮቦት መደርደሪያ ተሸክሞ ወደ ሰው የሚያመጣው ይመስለኛል። አማዞን ኪቫ የተባለውን የመጋዘን ሮቦት ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲገዛ ያገኘው ያንን ነው። እሱ ዕቃን ከመደርደሪያ የመሰብሰብ ሥራ ነው፣ እግርን ከመንገድ ያሳርፋል። የመለየት ሮቦት ሌላ ነው። የትኛው ሥራ እንደሚያንቃችሁ ሳይታወቅ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ቀበቶ ጠጋኝ፦
ሪፍሌክተሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከሆነ አይበቃም። በእርጥብ ሞክሩት። ሴንሰሩ ነው እያልኳችሁ።

ሌሊት ፈረቃ፦
ሴንሰር አይመስለኝም። ሴንሰሩ ቢጋረድ ኖሮ ብዙ ጊዜ መስመሩ «ዕቃ ተጣብቋል» ብሎ ይቆማል። የእሷ አልቆመም፣ እየዞረ ነው። ሁሉም በመጨረሻው መውጫ ከወረደ ማሽኑ የዕቃውን ማንነት አላወቀም ማለት ነው። እህቴ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? አንድ ላብል ይዘሽም ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።

ጠያቂ፦
ስክሪኑ «አልተነበበም» ነው የሚለው፣ አንድ ሺህ ጊዜ። ላብሉ ደህና ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ነጭ መስመር አለች እንጂ ጽሑፉ ይነበባል።

ሌሊት ፈረቃ፦
ያቺ ፀጉር ናት ጉዱ! ሌላ ፕሪንተር ካላችሁ ከእሱ አስር ላብል አትሚና አሁኑኑ ማሽኑ ላይ ልቀቂ።

ጠያቂ፦
አስሩም በየመውጫቸው ገቡ!! አስሩም! እዚህ ጩኸት ነው።

ሌሊት ፈረቃ፦
እሰይ። እንግዲህ ማሽናችሁ ደህና ነው፣ ፕሪንተሩ ነው። ፕሪንት ሄዱ ላይ፣ ማለትም ወረቀቱን በሚያትመው ክፍል ላይ፣ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች አሉ። አንዷ ከቆሸሸች ወይም ከተቃጠለች በእሷ ትክክል ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አጥፊው፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል በስሱ ጥረጊው። በምላጭ ወይም በጥፍር እንዳትነኩት። ከጠራረግሽው በኋላ መስመሯ ካልጠፋች ተቃጥላለች፣ ሄዱ ይቀየራል።

እስኪቀየር ደግሞ ይህንን ሞክሪ። የባርኮዱ ዘንጎች ወረቀቱ በሚወጣበት አቅጣጫ እንደ አጥር ከቆሙ፣ ነጯ መስመር አንዱን ቀጭን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ትውጠዋለች። ኮዱ ሞተ። በ90 ዲግሪ አዙረሽ እንደ መሰላል ብታትሚው ግን ሁሉንም ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትቆርጠዋለች። ከመስመሯ ግራና ቀኝ ያለው ይነበባል። ስካነራችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ላብሉንም አዙራችሁ ለጥፉ፣ አለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከኮዱ መጀመሪያ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለውን ባዶ ቦታም ጠብቂ። ኮድ 128 ለሚባለው የባርኮድ ዓይነት በትንሹ የቀጭኑን ዘንግ 10 እጥፍ ነው። ሲያዞሩት ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይወጣል።

ለአለቃሽ ደግሞ ይህችን ንገሪው። ይህንን ላብል ሮቦትም አያነበውም፣ ክሮስ ቤልትም አያነበውም። አዲሱ በገባ ማግስት ያው ቁልል መሬት ላይ ነበር። ስትገዙ በካሜራ የሚያነብ ጠይቁ። ካሜራ ከሆነ ኪውአር ኮድም ያነባል። ኪውአር በከፍተኛው የስህተት እርማት ደረጃ ከታተመ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል። በጨረር የሚያነበው አሮጌ ስካነር ግን እሱን አያውቀውም።

ጠያቂ፦
በአልኮል ጠረግነው፣ መስመሯ አልጠፋችም። ለጊዜው በሁለተኛው ፕሪንተር እያተምን ነው። አንድ ዕቃ ያላቸውንም በቀጥታ ወደ ማሸጊያ ላክናቸው። ቁልሉ ጉልበቴ ጋ ወርዷል። አሁን ወደ አለቃዬ ልግባ፣ መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ቀበቶ ጠጋኝ፦
ጎሽ። ሴንሰሩም ከተጠረገ አይጎዳም።

የቁጥር ሰው፦
እህቴ፣ ሳምንት ሆነ። አለቃሽ ምን አለ? ሰከንዱንስ ለካሽው?

አዲስ ገቢ፦
እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የእኔ ግን ከአስሩ ሦስቱን ብቻ ነው የማያነበው፣ ላብሉ ላይ ምንም ነጭ መስመር የለም።

ሌሊት ፈረቃ፦
ሦስቱ ምን ላይ የተለጠፉ ናቸው? የሚያብረቀርቅ ፌስታል ከሆነ ላብሉ ተሸብሽቦ እንደሆነ እይ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅም ከሆነ ንገረኝ።