ሐምሌ ላይ ሞምባሳ መሄድ ያዋጣል?

የሐይቅ ዳር እናት፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እኔና ባለቤቴ መምህራን ነን። ስንቆጥብ ቆይተን ዘንድሮ ልጃችንን ይዘን ኬንያ፣ ሞምባሳ ለመሄድ ወስነናል። ከአገር ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። እረፍት የምናገኘው ግን ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ «በክረምት ማን ባሕር ይሄዳል?» ይለናል። ልጄ ከአሁኑ ስለ ባሕሩ ብቻ ነው የምታወራው። ስንት የለፋንበት ገንዘብ በዝናብ እንዳይበላ ፈርቻለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ታቦር ሥር፦
እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ። እዚያ ለሥራ ኖሬያለሁ። የእነሱ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር አይገጥምም። ከባዱ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ያኔ ቢሆን እኔም ቅሩ እላችሁ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅት ነው። ቀዝቀዝ ስልሽ ቀን ላይ ወደ 28 ዲግሪ ነው። ወበቁ ሌሊትም አይለቅም። ነፋስና አልፎ አልፎ ካፊያ አለ። ስስ የጥጥ ልብስ ያዙ።

ሐይቅ ለለመደ ሰው ግን ባሕሩ ራሱ አዲስ ነው። የእኛ ሐይቅ ጠዋት ያየሽበት ቦታ ማታም አለ። የህንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይሸሻል። ሲሸሽ በድንጋዩ መሃል ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ይቀራል። ለልጅሽ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም! ባዶ እግሯን ግን አትልቀቂያት፣ እሾሃም የባሕር እንስሳ አለ። ውሃው ሲመለስ ያዘናጋል፤ የሚሞላበትን ሰዓት የሆቴሉን ሰዎች ሳትጠይቁ ርቃችሁ አትሂዱ።

ለመዋኘት ዲያኒን እመርጥላችኋለሁ። ከከተማው በስተደቡብ ነው፣ ሊኮኒ ላይ በፌሪ ትሻገራላችሁ። እግረኛ አይከፍልም። ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ የሠሩትን ምሽግ፣ ፎርት ጂሰስንም እዩ። ደግሞ ዕቃችሁን በፌስታል እንዳትጠቀልሉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች።

ነርሷ፦
የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ። ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ። የሐዋሳ ሰው «ወባን አውቃታለሁ» ብሎ ይዘናጋል፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት። የባሕሩ ዳርቻ ወባ አለበት። የመከላከያ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ፣ የልጅ መጠን በኪሎ ነው የሚታዘዘው። አጎበር የሌለው ክፍል አትቀበሉ።

ሞኒ፦
ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም። ልጅቷ ግን የራሷ ፓስፖርት ያስፈልጋታል፣ እሱን አስቀድሙ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ዶላር ባንክ የምትጠይቁት ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ነው፤ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

የሐይቅ ዳር እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልቤ አረፈ። ለልጄ ፓስፖርት ሰኞ እንጀምራለን። ታቦር ሥር፣ ዲያኒ ላይ ከልጅ ጋር ባሕሩ ፊት ለፊት ማረፍ ይሻላል ወይስ ገባ ብሎ?