አዲስ ፖሊሶች ዓመት ሳይሞላቸው እየለቀቁ ነው፣ ምን ይሻላል?

ፈረቃ መሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጣቢያ ላይ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ዘንድሮ ከተመደቡልኝ ስድስት ልጆች ሦስቱ ለቀዋል። የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት የደንብ ልብሱን አጥቦ ተኩሶ አጣጥፎ፣ መለዮውን ከላይ አርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር አንጀቴን ነው የበላው። አለቆች ደግሞ ማስታወቂያ ደጋግመን እናውጣ መስፈርቱንም ዝቅ እናርገው ይላሉ። ችግሩ ደሞዝ ብቻ ነው? ልጆች ማቆየት የቻላችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

ምልመላ ክፍል፦
መስፈርት ዝቅ ማረጉን ተዉት። የለንደኑ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ በፈረንጆች 1829 ሲቋቋም የመለያ ቁጥር 1 የተሰጠው ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ሰክሮ ተገኝቶ ነው የተባረረው፣ ከዛም በኋላ በስካር የተባረረው ብዙ ነው። ማጣራቱ ይቅር አልልም ግን ማጣራት ሲባል ፋይሉ ወራት ይተኛል፣ ጎበዙ ልጅ እስከዛ ሌላ ሥራ ይይዛል። እኛ በየሳምንቱ እየደወልን ፋይልህ እዚህ ደርሷል ማለት ስንጀምር በመሃል የሚጠፋው ቀነሰ።

የወጣሁት፦
እኔ ራሴ ለቅቄ የወጣሁ ነኝ ወንድሜ። ደሞዙን ስገባም አውቀው ነበር። ያስመረረኝ ማታ ተደውሎ "ነገ ፈረቃህ ተቀይሯል" መባሉ ነው፣ ልጄን ሐኪም ቤት የምወስድበትን ቀን እንኳን መያዝ አልቻልኩም። አንድ ሌሊት ደግሞ ከመኪና አደጋ ህፃን ልጅ አውጥቼ ተመለስኩ፣ ሞቷል፣ ጫማዬ ላይ ደሙ ደርቆ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አለቃዬ የጠየቀኝ ሪፖርቱ መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው። የዛን ቀን ነው ልቤ የወጣው፣ ወረቀቱን ያስገባሁት ግን ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ነባር፦
የወጣሁት ያለው ልክ ነው፣ ግን ደሞዝም አይናቅ። አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በፈረንጆች 1919 ከ1,500 ገደማ ፖሊሶች ከ1,100 በላይ የሚሆኑት ሥራ አቆሙ፣ ደሞዙ ትንሽ፣ ሰዓቱ ረጅም፣ የደንብ ልብስ እንኳን በራሳቸው ገንዘብ ነበር የሚገዙት። ሁሉንም አባረሩና በምትካቸው ለተቀጠሩት የተሻለ ደሞዝና ነፃ ልብስ ሰጡ። ያንኑ ገንዘብ ቀድመው ለነባሮቹ ቢያረጉት እኮ ልምድ ያለው ሰው በእጃቸው ይቀር ነበር! አዲሱን ልጅ መንገድ ላይ የሚያሠለጥነው እኮ ነባሩ ነው፣ እሱ ከወጣ ማን ያስተምረው?

ፈረቃ መሪው፦
የወጣሁት፣ ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፈረቃ ፕሮግራሙን ከዚህ በኋላ የወር አርጌ ነው የምለጥፈው፣ እሱ በኔ እጅ ነው። ለዛ ልጅም ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ፣ ልብሱን ሲያስረክበኝ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።