የአል ስሚዝን የምክር ቤት ዘመን በ20 ደቂቃ ገለጻ እንዴት ላቅርበው?

አራብሳ_ንባብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ላለው የንባብ ክበብ የመጪው ቅዳሜ ገለጻ የእኔ ተራ ነው። አድማጮቹ አብዛኞቹ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የመረጥኩት አል ስሚዝን ነው፤ የኒውዮርክ ገዥ ከመሆኑና በ1928 ለፕሬዚዳንትነት ከመወዳደሩ በፊት በግዛቱ ምክር ቤት የቆየባቸውን 12 ዓመታት ብቻ። 20 ደቂቃ አለኝ፣ ፕሮጀክተር የለም፣ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ነው ያለኝ።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ የሹመት ዝርዝር ነው። በዚህ ዓመት የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፣ በዚያ ዓመት አፈ ጉባኤ ሆነ ይላል እንጂ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር አይናገርም። ደግሞ «ስቴት»ን ክልል ልበለው ወይስ ግዛት? ቀኖቹንስ በእኛ አቆጣጠር ልቀይራቸው?

ቃሊቲ_መምህር፦

ሰላም እህቴ። ከቃላቱ ልጀምር፤ ገለጻ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ክልል አትበይ። ክልል በእኛ ሕገ መንግሥት የራሱ ትርጉም ያለው ቃል ስለሆነ አድማጭ ሳያስበው ያነጻጽራል። ግዛት በይው። «የኮንግረስ አባል» የሚል ቃልም ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ ኮንግረስ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራሉ ነው፣ ስሚዝ አንድ ቀንም ወንበር አልያዘበትም። የሠራው የግዛቱ ዋና ከተማ በሆነችው አልባኒ ነው፤ ብዙ ሰው ዋና ከተማዋ ኒውዮርክ ከተማ ትመስለዋለች።

ሁለቱን ምክር ቤቶች ሴኔትና አሴምብሊ ብለሽ ተያቸው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን የነበሩት «የሕግ መወሰኛ» እና «የሕግ መምሪያ» የሚሉት ስሞች ደስ ይላሉ፣ ግን የእኛ የሕግ መወሰኛ አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ የአልባኒዎቹ ግን ሁለቱም በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው። አባሉን እንደራሴ ብትዪው ጥሩ አማርኛ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። በኒውዮርክ «ሱፕሪም ኮርት» የሚባለው ጉዳይ መጀመሪያ የሚታይበት ፍርድ ቤት ነው። የግዛቱ የመጨረሻ ችሎት ስሙ «ኮርት ኦፍ አፒልስ» ነው። ስሙን ብቻ አይተሽ ከተረጎምሽ የበላዩ የበታች፣ የበታቹ የበላይ ይሆናል።

ቀኖቹን በተመለከተ፣ የዋና ዋናዎቹን በሁለቱም ጻፊ። ስሚዝ የተመረጠው በኖቬምበር 1903፣ ወንበር የያዘው በጃንዋሪ 1904 ነው፤ በእኛ ሁለቱም በ1896 ይውላሉ። ዝም ብለሽ 8 ብትቀንሺ አንዱን ታበላሺያለሽ፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው።

አልባኒ_መዝገብ፦

መምህር በቃላቱ የተናገሩት ልክ ነው። እኔ ወደ ሥራው ልግባ።

የአሴምብሊ ዘመን ያኔ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። 150ዎቹም እንደራሴዎች በየኖቬምበሩ ይመረጣሉ፣ ጉባኤው በጃንዋሪ የመጀመሪያው ረቡዕ ይከፈታል። ስለዚህ ስሚዝ 12 ዓመት ቆየ ማለት 12 ጊዜ ተመረጠ ማለት ነው። ደመወዙ በዓመት 1,500 ዶላር ነበር። አባቱ ሞቶበት በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ በፉልተን የዓሣ ገበያ በሳምንት 12 ዶላር የሠራ ሰው ነው። እጩ ያደረገው ታማኒ ሆል የሚባለው የከተማው የዴሞክራቶች ድርጅት ነበር። ይህን አትደብቂ፤ ያለ ታማኒ እዚያ አይደርስም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፓርቲው አናሳ ስለነበር የሚናገርበት ዕድል እንኳ አልነበረውም። የተመደበባቸው ኮሚቴዎች የባንክና የደን ነበሩ፤ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፦ የሚታተመውን ረቂቅ ሁሉ፣ የበጀቱን ረቂቅ ጭምር፣ ማታ ማታ መስመር በመስመር ያነባል። አብዛኛው እንደራሴ ይህን አያደርግም ነበር። አንድ አንቀጽ የትኛውን የቆየ ሕግ እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ክርክር ላይ አይገፋም። ለሹመቶቹ ሁሉ መነሻው ይህ ነው፤ ለአድማጮችሽም ይህን ነው ማሳየት ያለብሽ።

በ1911 ዴሞክራቶች አብላጫ አገኙ። ስሚዝ የአብላጫው መሪና በጀቱን የሚያየው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ አልባኒ ውስጥ አንድ ማደሪያ ክፍል ይጋራው የነበረው ሮበርት ዋግነር ሴኔቱን ያዘ። አሁን የአንድ ሳምንት ቀኖችን ሰሌዳው ላይ ጻፊ፤ ገለጻሽ የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦

ማርች 24 (መጋቢት 15 ቀን 1903)፦ የግዛቱ የመጨረሻ ችሎት በ1910 የወጣውን የሠራተኞች የጉዳት ካሳ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው።
ማርች 25 (መጋቢት 16)፦ ቅዳሜ በእኛ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ኒውዮርክ ከተማ ያለው የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች።
ማርች 29 (መጋቢት 20)፦ የአልባኒው የምክር ቤት ሕንፃ ተቃጠለ፣ የግዛቱ ቤተ መጻሕፍት አመድ ሆነ።
ማርች 31 (መጋቢት 22)፦ ለሳምንታት የተጓተተው የፌዴራል ሴናተር ምርጫ አለቀ። ያኔ የፌዴራል ሴናተርን የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር።

ካሳ የሚሰጠው ሕግ በወደቀ ማግስት 146 ሰው ሞተ። ይህን ለስፌት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሞቱበትን ምክንያት ግን በዝርዝር ተናገሪ። ሕንፃው 10 ፎቅ ነው፣ ፋብሪካው በላይኞቹ ሦስት ፎቆች ላይ ነበር። እሳቱ 8ኛው ፎቅ ላይ ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ከተከማቸ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነሣ። 9ኛው ፎቅ ላይ አንዱ የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ ከግድግዳው ውጭ የተሰቀለው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተገንጥሎ ወደቀ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል የሚደርሰው እስከ 6ኛ ፎቅ ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ በዲሴምበር ፍርድ ቤት ቀርበው ነጻ ወጡ፤ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ዓቃቤ ሕግ ማስረዳት ስላልቻለ ነው። ሕጉ ራሱ መለወጥ እንዳለበት ያሳየው ይህ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1903 (ጁን 30፣ 1911) የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። 9 አባላት ነበሩት፦ 2 ከሴኔት፣ 3 ከአሴምብሊ፣ 4 ገዥው የሾማቸው። ዋግነር ሰብሳቢ፣ ስሚዝ ምክትል። ኮሚሽኑ ምስክር የመጥራትና ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን ነበረው፤ ያለዚያ የፋብሪካ ባለቤት በሩን አይከፍትላቸውም። ፍራንሲስ ፐርኪንስ፣ ለሠራተኞች መብት የምትታገለውና እሳቱን በዓይኗ ያየችው፣ አባላቱን ይዛ ፋብሪካ ለፋብሪካ አዞረቻቸው። መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር ግዛቱ ፋብሪካዎቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው፤ ተቆጣጣሪ ያልተመዘገበውን ሊቆጣጠር አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንዱ የፋብሪካ ምዝገባ ሆነ። ከዚያ በሥራ ሰዓት በር አለመቆለፍ፣ የእሳት ልምምድ፣ ሠራተኛ በሚበዛባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ከጣሪያ ራሱ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲጋራ መከልከል፣ የወለደች ሴት እስከ 4 ሳምንት ወደ ፋብሪካ ሥራ እንዳትመለስ የሚያደርግ ድንጋጌ መጡ።

ሰበታ_ዳር፦

በደንብ ተብራርቷል፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷል፣ ሳይነገርም መታለፍ የለበትም። ስሚዝ በ1913 አፈ ጉባኤ ሆኖ ሳለ አሴምብሊው ገዥውን ዊልያም ሰልዘርን ከሷል፤ ኦገስት 13፣ በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 1905። ድምፁ 79 ለ45 ነበር፤ ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 76 ያስፈልግ ስለነበር የተረፈው ሦስት ድምፅ ነው። ሰልዘር ጥቅምት 7 ቀን 1906 ከሥልጣን ወረደ። ክሱ የምርጫ ገንዘቡን በሐሰት አስመዝግቧል የሚል ነበር፣ ማስረጃም ነበረው። ሆኖም የተነሣው ሰልዘር ከታማኒው አለቃ ከቻርልስ መርፊ ጋር ከተጣላ በኋላ ነው፣ ስሚዝም ድርጅቱ ያዘዘውን ፈጽሟል። ያ ዓመትና ብዙ የሠራተኛ ሕግ የወጣበት ዓመት አንድ ነው። ሁለቱን አብረሽ ካላቀረብሽ ሰውየውን ቅዱስ ታደርጊዋለሽ።

አራብሳ_ንባብ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰልዘርን አስገባለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ክበቡ ውስጥ የሚጠይቁኝ «ሕጉ እንዴት አለፈ?» ብለው ነው። የሳምንት 54 ሰዓቱን ሕግ እንደ ምሳሌ ልወስድ አስቤያለሁ።

አልባኒ_መዝገብ፦

ምርጫሽ ጥሩ ነው፤ መንገዱን በአምስት ሳጥን ሰሌዳው ላይ ሳዪው።

ረቂቁ ይቀርባል፣ ወደ ኮሚቴ ይመራል። አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ማንም «አልፈልግም» ብሎ ድምፅ ሳይሰጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከወጣ በመጨረሻው ቅርጹ ታትሞ ቢያንስ ሦስት የጉባኤ ቀን በአባላቱ ጠረጴዛ ላይ መቆየት አለበት፤ ገዥው አስቸኳይ ነው ብሎ ካላረጋገጠ በቀር። አንድ ቃል ከተለወጠ ቀኑ እንደገና ይቆጠራል። ጉባኤው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ማሻሻያ ማስገባት ረቂቅ መግደያ ዘዴ የሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ድምፅ፦ ያኔ በአሴምብሊ 76፣ በሴኔት 26 ያስፈልግ ነበር። የሚቆጠረው ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው ስለሆነ የቀረ ሰው እንደተቃወመ ነው። ገዥው 10 ቀን አለው፤ ከመለሰው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ያኔ 100 እና 34 ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

የ54 ሰዓቱ ሕግ በ1912 ወጣ። ከዚያ በፊት ለሴቶች በሳምንት 60 ሰዓት ነበር። ያለፈው ግን የአትክልትና ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካዎችን ሠራተኞች ትቶ ነው፤ ፐርኪንስም የተገኘውን ይዞ መሄድ ይሻላል ብላ ተቀበለች። ባለማሸጊያዎቹ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከሚያዘው ሕግም እንዲወጡ ሲጠይቁ ስሚዝ ተነሥቶ ሰንበትን ቀድስ የሚለውን ትእዛዝ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፣ ከማሸጊያ ፋብሪካ በስተቀር የሚል ቃል ግን አላገኘሁበትም አለ። ይህን ስትናገሪ አድማጭሽ ማብራሪያ አይጠይቅሽም።

የእኛው አዋጅ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ስለሚል ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፊያቸው።

ቃሊቲ_መምህር፦

የካሳውን ሕግ መጨረሻ እንዳትረሺ። ችሎቱ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ስለሻረው ተራ ሕግ አይበቃም ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ መሻሻል ነበረበት። ማሻሻያ ደግሞ በሁለት ተከታታይ ምክር ቤቶች ማለፍና ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ አለበት። ሕዝቡ በኖቬምበር 1913 አጸደቀው፣ አዲሱ ሕግ በዲሴምበር ስሚዝ አፈ ጉባኤ ሆኖ ሳለ ወጣ፣ ከሰኔ 24 ቀን 1906 (ጁላይ 1፣ 1914) ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለጊዜ ማስታወሻ፦ ሕጉ የወጣው አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ባረፉበት ሰሞን ነው።

የደቂቃ ክፍፍሉን እንዲህ ብታደርጊው፦ 3 ደቂቃ ለሰውየውና ለታማኒ፣ 5 ለዚያ ሳምንት፣ 6 ለኮሚሽኑና ለሕጎቹ፣ 4 ለረቂቁ መንገድ፣ 2 ለሰልዘር። የሳምንቱን አራት ቀኖች ከመጀመርሽ በፊት በሰሌዳው ግራ ጻፊና እስከ መጨረሻው አታጥፊያቸው፤ የካሳው ሕግ ላይ ስትደርሺ ወደ መጋቢት 15 በጣትሽ ትመለሻለሽ።