አስቸኳይ፦ ለውሻ «ኮቴ» ይባላል እንዴ? ባነሩ ሊታተም ነው

የባነሯ ልጅ፣ ሱሉልታ
ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ማሽኑ ተነስቷል፣ ደንበኛው ስልኩን ዘግቷል። ጽፎ የሰጠን እንዲህ ነው፦ «የላም፣ የፈረስ፣ የውሻና የድመት ኮቴ እንከረክማለን»። አለቃዬ «የውሻ ኮቴ ብለሽ ካተምሽ መሳቂያ ነው የምንሆነው» ብሎኛል። ምን ልጻፍ? ሰኮና? መዳፍ? ጥግ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «ኮቴ» ይላል።

ጋሪ ነጂው
የምን ድርጅት ነው? እሱን ሳትነግሪን። ለማንኛውም ኮቴ የፈረስና የአህያ ነው። የውሻ ኮቴ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የባነሯ ልጅ
የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ
እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሰኮና የግእዙ «ሰኰና» ነው፤ የሰው ተረከዝም በዚሁ ቃል ይጠራል። ዘፍጥረት 3፥15ን አንብቢ፦ «እርሱ ራስህን ይቀጠቅጣል፥ አንተም ሰኰናውን ትቀጠቅጣለህ» ይላል። የተነገረው ለእባቡ ነው፣ ሰኰናው ግን የሰው ነው። ዘሌዋውያን 11 ላይ ስትደርሺ ቃሉ ወደ እንስሳ ይዞራል። የሚያመሰኳና ሰኰናው የተሰነጠቀ ይበላል። ግመል ያመሰኳል፤ ሰኰናው ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ተከለከለ። «ሸኮና» የሚሉም አሉ፣ ያው ነው። እኔ በባነር ላይ ሰኰና ተብሎ፣ ያውም በ«ኰ» ተጽፎ ባይ ደስ ይለኛል።

የባነሯ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ውሻውን ምን ልበለው?

ጉለሌ ማዶ
ጥፍር በይው። አለቀ።

የዶሮ እርባታ
ውሻ ኮቴ ካለው ዶሮዎቼም ይገባቸዋል 😂 የእነሱንም ጨምሪልን።

ሲኖትራክ
አለቃሽ ምን አስጨነቀው? እኛ ሹፌሮች ኮቴ የምንለው ኬላ ላይ የሚከፈለውን ነው። ከብት የጫነም ይከፍላል፣ አሸዋ የጫነም ይከፍላል። አሸዋ ምን እግር አለው? መኪናው ኮቴ ከተባለለት ውሻ ለምን ይቀርበታል?

የቅኔ ቤት ልጅ
ሲኖትራክ ልክ ብሏል። ለሰውም እኮ እንላለን፤ «የሰው ኮቴ ሰማሁ»፣ «ኮቴውን አጥፍቶ ገባ»።

ጋሪ ነጂው
እሱ ድምፁ ነው! ድምፅ ይከረከማል እንዴ?

የእንስሳት ሐኪሟ
ጥያቄው ራሱ የተነሳው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ክሊኒኩ የሚሠራው በእግሩ ላይ አይደለም፣ በእግሩ ጫፍ ላይ ነው። ፈረስ የሚቆመው በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ጣት ነው፤ ያንን ጣት የሸፈነው ወፍራም ጥፍር ኮቴ ይባላል። ላም በሁለት ጣት ትቆማለች፣ ስለዚህ ኮቴዋ ስንጥቅ ነው። ኮቴ የተሠራበት ነገር ኬራቲን ይባላል፣ የእኛም ጥፍር ከእሱ ነው። እዚሁ ሱሉልታ ታስረው የሚውሉ የወተት ላሞችን እዩ። ስለማይራመዱ ኮቴያቸው አይበላም፤ እያደገ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። ላሟ ክብደቷን ወደ ተረከዟ ታዞራለች፣ ከዚያ ማነከስ ይመጣል። ክርከማ የሚባለው ይህንን ትርፍ መቁረጥ ነው። ውሻና ድመት ግን የሚረግጡት ከጣታቸው ሥር ባለው ለስላሳ ሥጋ ነው፤ እሱን ማንም አይቆርጠውም። የሚቆረጠው ጥፍራቸው ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «የላምና የፈረስ ኮቴ እንከረክማለን፤ የውሻና የድመት ጥፍር እንቆርጣለን»። ሥዕሉ አራት ጣት ያለው፣ መሬት ላይ የታተመ ዓይነት ነው?

የባነሯ ልጅ
አዎ አዎ፣ እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ
እንግዲያው እሱ ዱካ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አጥፊው፤ ሥዕሉ ብቻውን ይበቃል።

አያት ጨፌ
መዳፍ ቢባልስ? የአንበሳ መዳፍ እንል የለ።

ጉለሌ ማዶ
ጥፍር በይው አልኩ እኮ መጀመሪያውኑ።

የቅኔ ቤት ልጅ
ሐኪሟ ያለችው ጥሩ ነው። «ኮቴ» በሚለው ፋንታ «ሰኰና» ቢገባበት ግን የበለጠ ያምራል።

ጋሪ ነጂው
አባቴ፣ ባለ ላሞቹ የሚፈልጉት ኮቴ የሚለውን ነው። ሰኰና ብሎ የሚደውል የለም።

ወተት ከጫንጮ
ልጄ፣ ታተመ ወይስ አልታተመም? ሰዎቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ? ላሜ የኋላ ግራ እግሯን መርገጥ አቅቷታል። ሐኪሟም ካለሽ መልሺልኝ፤ በኮቴዋ ስንጥቅ መሃል ቆስሏል፣ ይሸታልም።