ቶም ላንድሪ፦ 4-3ን የፈጠረው እሱ ነው? «ፍሌክስ»ስ ምንድን ነው?

ሰኞ_ማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላንድሪ በአሜሪካ ፉትቦል ከ1950 እስከ 1955 ለኒውዮርክ ጃያንትስ በኮርነርባክነት (ዳር ላይ ፓስ ተቀባዮችን የሚሸፍን የኋላ ተከላካይ) መጫወቱን፣ ከ1960 እስከ 1988 ደግሞ ዳላስ ካውቦይስን ማሰልጠኑን አውቃለሁ። ያልገቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። 4-3 የሚባለውን መከላከል (ፊት አራት፣ ከኋላቸው ሦስት ተከላካይ) የፈጠረው የእውነት እሱ ነው? ዳላስ ላይ ያመጣው ፍሌክስስ በምን ይለያል?

አርባ_ያርድ፦
ብቻውን ፈጠረው ማለት ይከብዳል። ነገሩ የሚጀምረው ከ1950 ነው። የጃያንትሱ አሰልጣኝ ስቲቭ ኦወን ክሊቭላንድ ብራውንስን ለማቆም «ጃንጥላ» የተባለውን አሰላለፍ አወጣ፤ ፊት ስድስት፣ መሀል አንድ፣ ኋላ አራት። ከፊቶቹ ስድስት ዳር ያሉት ሁለቱ ኤንዶች እያፈገፈጉ ፓሱን (በእጅ ወደፊት የሚወረወረውን ኳስ) ይሸፍናሉ። ብራውንስ 6 ለ 0 ተሸነፈ። እንግዲህ ኤንዶቹ አፈግፍገው ሲቆሙ ቁጠራቸው፤ ፊት አራት፣ መሀል ሦስት ይሆናል።

ላንድሪ በ1954 እና በ1955 እየተጫወተ ያሰለጥን ነበር። በ1956 ሳም ሃፍን መሀል ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) አድርጎ ነገሩን መልክ አስያዘው። በፊት በአምስት ሰው መስመር መሀል ያለው ተጫዋች ሴንተሩ (የአጥቂው መስመር መሀል ተጫዋች) አፍንጫ ስር ስለሚቆም ወዲያው ይታገዳል። ወደኋላ ሲወጣ ግን ጨዋታውን አይቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይደርሳል። የሚበላሸው ፊቱ ያሉት ሁለት ታክሎች (የፊት መስመሩ መሀል ተከላካዮች) ከተገፉ ነው፤ ያኔ የአጥቂው አጋጆች በቀጥታ እሱ ላይ ይደርሳሉ። የቺካጎ ቤርስ ተከላካይ ቢል ጆርጅም በዚያው ዘመን ወደኋላ እየወጣ ይጫወት ስለነበር ክብሩን ማካፈል ተገቢ ነው።

ኮርነር_24፦
ፍሌክስ ያው 4-3 ነው። ልዩነቱ ከአራቱ የፊት ተጫዋቾች ሁለቱ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር 3 ጫማ ያህል ወደኋላ መቆማቸው ነው። ሰበቡ ቪንስ ሎምባርዲ ነው። እስከ 1958 ድረስ እሱና ላንድሪ የጃያንትስ ረዳት አሰልጣኞች ነበሩ፤ ሎምባርዲ አጥቂውን፣ ላንድሪ ተከላካዩን ይዘው። ሎምባርዲ በኋላ ግሪን ቤይ ፓከርስን ሲያሰለጥን ባሰራው ሩጫ ሯጩ ቀድሞ የተወሰነ ቀዳዳ የለውም፤ ተከላካዩ ወዴት እንደተገፋ አይቶ በተከፈተው ይገባል። ስለዚህ ኳሱን ያሳደደ ተከላካይ ራሱ በር ይከፍትለታል። በፍሌክስ እያንዳንዱ ሰው አንድ ክፍተት ይይዛል፣ ኳሱ የትም ቢሄድ መጀመሪያ ያንን ዘግቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያቺ 3 ጫማም የማንበቢያ ጊዜ ትሰጠዋለች። ከባዱ ነገር እምነቱ ነው፤ አንዱ «ጀግና ልሁን» ብሎ ቦታውን ከለቀቀ የሌሎቹ አስሩ ልፋት ገደል ይገባል።

አርባ_ያርድ፦
አጥቂውንም እንዳትረሳው። የራሱን መከላከል የሚያፈርሰው ማደናገር መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ዳላስ ላይ የመስመር ተጫዋቾቹ ቆመው እንደገና እንዲያጎነብሱ ያደርግ ነበር፤ ከኋላቸው ሯጮቹ ቦታ ሲቀያየሩ ላይንባከሮቹ እንዳያዩ።

ሰኞ_ማታ፦
አሁን ገባኝ። ታዲያ በ1960 ለምን አንድም ጨዋታ አላሸነፈም? 11 ሽንፈት፣ 1 አቻ!

ኮርነር_24፦
ቡድኑ ፈቃድ ያገኘው በጥር 1960፣ የኮሌጅ ተጫዋቾች ምርጫ ካለቀ በኋላ ነው። ሌሎች ቡድኖች በለቀቋቸው ተጫዋቾች ነው የጀመረው። የመከላከሉን ምሰሶ ቦብ ሊሊን የመረጡት በ1961 ነው። እስከ 1963 ውጤቱ 13 ድል፣ 38 ሽንፈት፣ 3 አቻ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አላባረረውም፣ እንዲያውም የ10 ዓመት ውል ጨመረለት። ከ1966 ጀምሮ 20 ዓመት በተከታታይ ከሽንፈቱ ድሉ በልጧል፣ ሁለት ሱፐር ቦውልም (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) ወስዷል።

ፍሌክስ የደከመው ከ1978 ወዲህ ነው። ሕጉ ተቀይሮ ተከላካይ ፓስ ተቀባዩን ከ5 ያርድ በላይ እየተከተለ መግፋት ተከለከለና ፓስ በዛ። ወደኋላ የቆመው ታክል ደግሞ ኳርተርባኩ (ፓስ ወርዋሪው) ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ይዘገያል።