በጨዋማ ውኃ ለሚሠራ የፍጥነት ጀልባ የትኛው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ይሻላል?

ጥያቄ (አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖች። ከአክስቴ ልጅ ጋር የገዛናት የ1998 ስሪት የፍጥነት ጀልባ አለችን። ሁለት መርክሩዘር 502 ማግ ሞተር አላት፤ እያንዳንዱ 8.2 ሊትር፣ 415 የፈረስ ጉልበት። የምንነዳት ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ የግራውን ሞተር ላስነሳ ስል ሞተሪኖው ግማሽ ዙር ዞሮ "ድም" ብሎ ቆመ። ሁለተኛ አልሞከርኩም፤ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሰባቱ ደህና ናቸው፤ የ7ኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን ጫፉ ቀይ ዝገት ለብሷል፣ እርጥብም ነው። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል።

ማኒፎልዶቹ ከጀልባዋ ጋር የመጡት የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት ናቸው። አንድ ጋራዥ "ይህን የሚያህል ጉልበት ላለው ሞተር ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ካልሆነ አይሆንም" አለን። ለሁለቱ ሞተር አራት ማኒፎልድና አራት ራይዘር (ማኒፎልዱ ላይ የሚቀመጠው የጭስ ቧንቧ) ነው፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ጊዛ፣ አሉሚኒየም ወይስ ስቴንለስ? እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፣ ከሠላሳ ዓመት መካኒክ (ታምፓ)

ወንድሜ፣ ሁለተኛ አለመሞከርህ ሞተሩን አትርፎታል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ እያለ ፒስተኑ በኃይል ከወጣ ቢየላውን፣ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ፣ ያጣምመዋል። ስለዚህ ማኒፎልድ ከመምረጥህ በፊት ዛሬውኑ ይህን አድርግ፦ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ፣ የእሳት መስመሩን አቋርጠህ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙረው፤ ውኃው በካንዴላ ቀዳዳ ተፍቶ ይውጣ። ፊትህን አርቅ። ከዚያ በየሲሊንደሩ ዘይት ጨምር። የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው፤ ለነገ አታሳድረው። ቀጥሎ ሲሊንደሮቹን በአየር ግፊት አስመርምር። የ7ኛው ቫልቭ ዝጎ አልዘጋ ካለ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ክዳን) መውረድ አለበት፤ አዲስ ማኒፎልድ ብቻውን አያድንህም።

ውኃው ከየት እንደገባ ልንገርህ። የጀልባ ማኒፎልድ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በውስጠኛው ጭሱ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ማቀዝቀዣው ውኃ ያልፋል። ራይዘሩ ከላይ ይቀመጣል፤ ውኃው ከጭሱ ጋር የሚቀላቀለው እሱ ላይ ነው። ያንተ ዓይነቱ ላይ ጭሱም ውኃውም የሚያልፉት በአንድ ጋስኬት ነው። ጨው የጋስኬቱን መቀመጫ ሲበላው ውኃው ወደ ጭሱ መንገድ ይሾልካል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ራይዘሩን አንሳና ጋስኬቱን ተመልከት፤ ከውኃው ቀዳዳ ወደ ጭሱ ቀዳዳ የተሳለ የዝገት መስመር ካየህ አገኘኸው።

አንድ ነገር መልስልኝ፦ የቀድሞው ባለቤት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ቀይሯል? ሞተሩ ሥራ ፈቶ ሲዞር ድምፁ እኩል ነው ወይስ ያነክሳል?

መልስ (ከአትላንታ)

እኔ አሉሚኒየም ነው ያስገባሁት፤ ቀላል ነው፣ አራት ዓመት ምንም አልሆነብኝም።

መልስ፣ ከሠላሳ ዓመት መካኒክ

ወንድም፣ የምትነዳው ሐይቅ ላይ ነው መሰለኝ። በጣፋጭ ውኃ እሺ። ማኒፎልዱ ድረስ በሚደርስ ዝግ ማቀዝቀዣ (የባሕር ውኃ ሳይሆን የራሱ ፈሳሽ የሚዞርበት) ከሆነም እሺ። ነገር ግን ዝግ የሚባሉ ብዙ ሲስተሞች ሞተሩን ብቻ ነው የሚያቀዘቅዙት፤ ማኒፎልዱ የባሕሩን ውኃ እየጠጣ ይቀራል። ጨዋማ ውኃ በቀጥታ የሚገባበትን ቦታ በአሉሚኒየም እንዲሠራ አልመክርም።

መልስ፣ ከመለዋወጫ ሻጭ (ፎርት ላውደርዴል)

እኔ የምሠራው የጀልባ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው፤ በየሳምንቱ ተሳስተው ያዘዙትን የሚመልሱ ሰዎች ይመጡብናል። "502 ነው" ብለህ ብቻ አትዘዝ፤ የሞተሩን ሴሪያል ቁጥር ይዘህ ሂድ። ማኒፎልዱንና ራይዘሩን ከአንድ አምራች ግዛ። የራይዘሩን ቁመት ከአሮጌው ጋር አወዳድር። ዝቅ ካለ ጀልባዋ ድንገት ስትቆም ከኋላ የሚመጣው ማዕበል ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የጎማ ቱቦው ለእርጥብ ጭስ የተሠራ ይሁን፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሼታ እሰር። ጭሱ ከሾለከ የሚገድለው ሰው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

የጊዛ ማኒፎልድ በጨው ውስጥ አምስት፣ ስድስት ዓመት ከሠራ ሠርቷል በሉት። ስቴንለስ ግን ዘላለማዊ የሚመስላቸው አሉ፤ የጨው ውኃ ተኝቶበት ሲከርም ብየዳው ሥር ይበላል። ያገለገለ ስቴንለስ በግፊት ሳይፈተሽ አትግዛ።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ራይዘሩን አነሳሁት፤ ልክ እንዳሉት ጋስኬቱ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ መስመር አለ፣ የማኒፎልዱም መቀመጫ ተቦርቡሯል። ካምሻፍቱ የፋብሪካው ነው፤ ደረሰኞቹን ሁሉ አየሁ፣ ድምፁም እኩል ነው። ግፊቱንም አስለካሁት፣ 7ኛው ከሌሎቹ ብዙም አልራቀም። የቀኙ ሞተር እስካሁን ችግር የለበትም፤ እሱን ልተወው?

መልስ፣ ከሠላሳ ዓመት መካኒክ

እንኳን ደስ ያለህ፣ ተርፈሃል። እንግዲህ ጊዛ ግዛ። ካምሻፍቱን የጠየቅሁህ ለዚህ ነው፦ የውድድር ካምሻፍት የማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን ቫልቭ አብሮ የሚከፍትበት ጊዜ ይረዝማል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጭሱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ውኃውንም ይዞት ይመጣል። እንዲህ ላለው ሞተር ነው ረጅም ደረቅ ቧንቧ ያለው፣ ውኃው ራቅ ብሎ የሚቀላቀልበት ስቴንለስ የሚያስፈልገው። ላንተ 415 ጉልበት ፋብሪካው ራሱ የመረጠው ጊዛ ነው። የተረፈህን ገንዘብ ለቀኙ ሞተር አውለው። አብረው ያረጁ ናቸው፤ የቀኙንም ቀይር።

ስትገጥም የቴስታታውን ገጽ ጠርገህ ቀጥ ባለ ብረት ለካው፤ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በመመሪያው ልክ፣ በቶርክ መፍቻ አጥብቅ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በጣፋጭ ውኃ እጠበው፤ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ጠብቅ። እናንተ ጋ ክረምቱ ያቀዘቅዛል፤ ከማኒፎልዱ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ስትከፍት ውኃ ካልመጣ ባዶ ነው ብለህ አትለፍ። የዝገት ቅርፊት ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ሽቦ አስገብተህ ኮርኩረው፣ ሲፈስ ታየዋለህ።

ጠያቂው

አራቱንም ጊዛ አዝዣለሁ። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከቀኙ እንጀምራለን።