ሰልባቲዮው ሞልቶ ጌጁ ግማሽ ይላል (ኤምጂቢ፣ የ1972 ሞዴል)

ቀዩ ሮድስተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ1972 ሞዴል ኤምጂቢ አለችኝ፤ ባለሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። መኪናዋን እወዳታለሁ። የነዳጅ ጌጇ ግን ውሸታም ሆኖብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰልባቲዮውን (የቤንዚን ታንኩን) እስከ አፉ እሞላለሁ። ቁልፍ ስከፍት ቀስቱ ቀስ እያለ ይነሳና ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ስነዳ በጣም በዝግታ ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ ሊያልቅ ሲል ልክ ይሆናል። ባዶ ካለ የእውነት ባዶ ነው። አንድ ቀን «ይሄ ውሸታም» ብዬ ናቅሁትና ጄሪካን አንጠልጥዬ በእግሬ ሄድኩ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ገና ሳይከፍቱ «ጌጁ ሞቷል፣ ቀይረው» አሉኝ። ያገለገለ ገዝቼ ቀየርኩ። እሱም ግማሽ ላይ ቆመ። አሁን የምኖረው በኪሎሜትር ነው፤ ስሞላ ዜሮ አደርጋለሁ፣ 350 ሲደርስ እንደገና እሞላለሁ።

እኔ ምንም የነካሁት ነገር የለም። ከየት ልጀምር?

ፈጣን እግር፦

ስታቢላይዘሩ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን። የእኔም አስቸግሮኝ ነበር። ቀይራትና ተገላገል።

ካቻቢቴ፦

ወንድሜ፣ ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት እስቲ ቁጭ በል። ጌጅ ቀይረህ አዲሱም ያው ግማሽ ካለ ጥፋቱ የጌጁ አይደለም። ሁለት ጌጅ ተማክሮ አይዋሽም።

ስታቢላይዘሩም አይመስለኝም፤ ፈጣን እግር እንዳትቀየመኝ። የእሱ ሥራ የባትሪውን 12 ቮልት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ 14 የሚጠጋውን፣ በአማካይ ወደ 10 ማውረድ ነው። ውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀች ቅጠል አለች። ስትሞቅ ትታጠፍና መስመሩን ትቆርጣለች። ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ትገናኛለች። ስለዚህ በዲጂታል ቴስተር ስትለካው ቁጥሩ ይዘልብሃል፤ አትደንግጥ፣ ጤናው ነው። የሙከራ አምፖል ብታስርበት ብልጭ ድርግም ካለ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቅጠሏ እንደተገናኘች ከተጣበቀች ወይም የስታቢላይዘሩ ማሳ (ከቦዲው ብረት ጋር የሚያገናኘው መስመር) ከተቋረጠ ሙሉው ቮልት ያልፋል፤ ያኔ ጌጁ ከእውነቱ በላይ ይናገራል። ያንተ ተቃራኒው ነው። ጭራሽ ከሞተ ደግሞ ቀስቱ ከነጭራሹ አይነሳም።

ቁም ነገሩ ያለው አንተ «የሚገርመው» ብለህ ያለፍካት ቦታ ላይ ነው። ሰልባቲዮው ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ የቤንዚኑን ከፍታ በተንሳፋፊ የሚለካው፣ ሲሞላ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ወደ 30 ኦም ገደማ ነው። ሲያልቅ 240ን ያልፋል። ኦሙ በጨመረ ቁጥር ቀስቱ ዝቅ ይላል። አሁን መስመሩ ላይ አንድ ቦታ 60 ኦም የሚያህል ዝገት ወይም ቆሻሻ ገባ እንበል። ሲሞላ 30 የነበረው 90 ሆነ፤ ሦስት እጥፍ! ቀስቱ ግማሽ አካባቢ ይቀራል። ሲያልቅ ግን 240 የነበረው 300 ቢሆን፣ ቀስቱ ድሮም ከታች ተኝቷል፤ ልዩነቱ ለዓይንህ አይታይም። ሲሞላ የሚዋሽና ሲያልቅ እውነት የሚናገር ጌጅ እንዲህ ነው የሚፈጠረው።

ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ቢገባበት ኖሮ ሰምጦ ይቀርና ሞልተኸውም ባዶ ይልህ ነበር። እኔ ማሳውን ነው የምጠረጥረው፤ ከሴንሰሩ ወደ ቦዲ የሚሄደውን ጥቁር ሽቦ። ግን በጥርጣሬ ብሎን አትፍታ፣ ለካ።

መጀመሪያ ቁልፉን ዝጋ። ከሴንሰሩ ላይ አረንጓዴና ጥቁር የሆነውን ሽቦ ንቀል። ጫፉን ቀለም ከሌለው የቦዲ ብረት ጋር እሰረው። ቁልፍ የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሽቦ ካነካካህ ብልጭታ ይወጣል፤ አፍንጫህ ሥር ደግሞ ቤንዚን አለ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ይሄ ጌጅ በሙቀት ስለሚሠራ አይቸኩልም። ሙሉ ድረስ ከወጣ፣ ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ ያለው መስመር ደህና ነው። ወዲያው ዝጋው፣ እንደታሰረ አታቆየው።

ቀጥሎ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ሽቦው የተነቀለበት ምላስ ላይ ያዝ። ሌላውን አንዴ የሴንሰሩ የራሱ ብረት ላይ፣ አንዴ የመኪናው ቦዲ ላይ አድርግ። ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው። ስንት ስንት እንዳሉህ ጻፍልን። በክሪክ ብቻ አንስተህ ሥሯ እንዳትገባ ደግሞ፣ ድጋፍ አስገባ።

ቀዩ ሮድስተር፦

ጋሽ ካቻቢቴ፣ ለካሁ። ሽቦውን ከቦዲ ጋር ሳስረው ቀስቱ ተንፏቆ ተንፏቆ ሙሉውን አለፈ። እንደዚያ ከፍ ብሎ ካየሁት ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚያ ኦሙ፦ በሴንሰሩ ብረት 31፣ በቦዲው 94። ሰልባቲዮው ሙሉ ነው።

እና ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። «ምንም የነካሁት ነገር የለም» ያልኩት ልክ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሰልባቲዮውን አውርጄ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀብቼዋለሁ። በሥራዬ ኮርቼ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። አሁን ሥሯ ተኝቼ ሳየው ጥቁሩን ሽቦ ያሰርኩት ራሱ ቀለም በተቀባ ብሎን ነው። ማሰሪያዎቹም፣ ብሎኖቹም ሁሉም ተቀብተዋል። ጌጁ መዋሸት የጀመረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ያስታወስኩት ገና ዛሬ ነው።

ካቻቢቴ፦

63 ኦም ልዩነት። በግምት 60 ብዬ ነበር፤ ዛሬ ሎተሪ ልቁረጥ መሰለኝ።

ባትሪውን ፍታ። ብሎኑንና የሽቦውን ምላስ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍግ። ጥብቅ አድርገህ እሰርና ላዩ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀባ። ከመታሰሩ በፊት ሳይሆን በኋላ።

ሰማያዊ ኩፔ፦

ጣልቃ ልግባ። የእኔ ጌጅ ከሙሉ እስከ ግማሽ ደህና ነው። ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ወደ ባዶ ይወድቃል፣ ትንሽ ስነዳ ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። እኔም ማሳ ልፈግፍግ?

ካቻቢቴ፦

ያንቺ ሌላ ነው። ማሳ ቦታ አይመርጥም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ እዚያ ጋ ተበልቷል። ሴንሰር ትቀይሪያለሽ። ያንቺም ኤምጂቢ ከሆነ ግን ሴንሰሩ ያለው ሰልባቲዮው ጎን ላይ ነው እንጂ አናቱ ላይ አይደለም። ቤንዚኑን ሳትቀንሺ ቀለበቱን ከፈታሽው ክንድሽን ተከትሎ ይወርዳል። ከልምድ ነው የምናገረው፣ ሸሚዙ አሁንም አለ።

ቀዩ ሮድስተር፦

ፈገፈግኩ፣ አሰርኩ። አሁን በሴንሰሩ 31፣ በቦዲው 31። ቁልፍ ከፍቼ ቀስቱን ሳየው ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው የምትስቀው?» አለችኝ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ሙሉ ሆኖ ከምልክቱ በቀስቱ ውፍረት ያህል ዝቅ ይላል። ከጌጁ ጀርባ ሁለት የተደፈኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች አየሁ። ማስተካከያ ናቸው? ልነካካቸው?

ካቻቢቴ፦

ማስተካከያ ናቸው፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለሙሉ። እንዳትነካቸው። አንዱን ስትነካ ሌላው ይዛባል፣ ቀኑን ሙሉ ስታሯሩጣቸው ትውላለህ። ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ያ ያገለገለው አይደል? የድሮውን የት አደረግከው?

ቀዩ ሮድስተር፦

አልጣልኩትም ነበር፣ መለስኩት። ምልክቱ ላይ ቁጭ አለ። የገዛሁት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሚፈልግ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።